«ራሳቸው ሰጥተውን ነው»፦ በስማችንና በስልክ ቁጥራችን ንግድ ላይ የተነሣ ክርክር

የፋሲሎዋ፦
ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር ስለ ግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ለነጋዴዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የጽሑፍ መልእክት ማስታወቂያ የሚያሠራጭ አንድ ድርጅት ባለቤት ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «እኛ ከማንም አልሰረቅንም። የስም ዝርዝሩን ሕዝቡ ራሱ ሰጥቶን ነው። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።» ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበለት። እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ምክንያቴን ልናገር። የእህቴ ልጅ በባዮሎጂ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች። ሰኔ ላይ ሥራ እናስቀጥራለን ወደሚል አንድ ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። የሚሞላው ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ዓይነት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ስልክ፣ በመጨረሻም የቅርብ ተጠሪ ስምና ስልክ ነው። በተጠሪው ቦታ የእናቷን ቁጥር ጻፈች። እህቴ ያንን ቁጥር ያወጣችው በዚያው ሳምንት ነው፤ ከእኔና ከልጇ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ሃያ ቀን ሳይሞላ አንድ የማናውቀው ሰው ደውሎ «ልጅሽ በባዮሎጂ የተመረቀችው፣ ያላገባችው ናት አይደል? ዓረብ አገር ጥሩ ቤት አግኝተንላታል፤ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ብር ላኪ» አላት። እህቴ በጎቿን እየነዳች ገበያ ወጥታ ነበር። መንገድ ላይ ሆና ደውላ ባታማክረኝ ኖሮ በጎቹም ብሩም አልቀው ነበር። ቢሮውን ሄጄ ብጠይቅ «እኛ የምናውቀው ነገር የለም» ብለው መለሱኝ።

መስጠት ማለት ይህ ነው? እነዚህን የስም ነጋዴዎች ሕግ ሊይዛቸው ይገባል የምትሉም፣ አይገባም የምትሉም ተናገሩ።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
እህቴ፣ በደረሰባችሁ ነገር አዝናለሁ። ያ ደዋይ አጭበርባሪ ነው፤ ለአጭበርባሪ ደግሞ የወንጀል ሕግ አለለት። የእሱን ኃጢአት ግን በእኛ ላይ አትጫኚ። እኔ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲገባልኝ ለሰዎች መልእክት እልካለሁ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ሱቄን ያቆመው ያ መልእክት ነው። የተወሰነውን ቁጥር ደንበኞቼ ሰጡኝ፣ የተወሰነውን ከሌላ ሰው ገዛሁ። ምን አጠፋሁ? ያልፈለገ ሰው መልእክቱን ያጥፋው። ያ ሰው በስብሰባው ላይ ያለውን እኔም እላለሁ፦ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። አሁን በአዋጁ ምክንያት ተመዝገቡ፣ ፈቃድ አሳዩ፣ ተቀጡ ይባላል። ትልልቆቹ ጠበቃ ይቀጥራሉ፤ እኛ ሱቃችንን እንዘጋለን።

ጡረተኛው መምህር፦
ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና በዚህች «ሰጠ» በምትባል ቃል ላይ ዝም ማለት አልችልም። ጤፍ ለወፍጮ ቤት እሰጣለሁ። ጨርቅ ለልብስ ሰፊ እሰጣለሁ። በሬዬን ለጎረቤቴ ለአንድ ቀን እርሻ እሰጣለሁ። በሁሉም ውስጥ «ሰጠ» አለ፤ በአንዱም ውስጥ ግን ተቀባዩ እንዳሻው ይሽጠው የሚል የለም። ባለ ወፍጮው ጤፌን ለሌላ ሸጦ «ራሳቸው ሰጥተውኝ ነው» ቢል የትኛው ሽማግሌ ይሰማዋል? መልሶ መጠየቅ ነውር የሚሆነው የተሰጠው ስጦታ ሲሆን ነው። ስሜን መዝገብ ላይ ስጽፍ የሰጠሁት አደራ ነው። አደራ የበላ ሰው በአገራችን በምን ስም እንደሚጠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ምሳሌዎ ግን አይገጥምም። ጤፉ ከተሸጠ ከቤትዎ እንጀራ ይጠፋል። ስልክ ቁጥርዎ ግን ለሺህ ሰው ቢደርስም እርስዎ ዘንድ እንዳለ ነው። ምን ጎደለብዎ?

ጡረተኛው መምህር፦
የቤትህን ቁልፍ አስመስሎ ያስቀረጸ ሰውም ከአንተ ምንም አልወሰደም። ቁልፍህ ኪስህ ውስጥ አለ። ይህን እያወቅህ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል?

ከሽምብጥ፦
ስለ መሸጥ ከተነሣ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ቅዳሜ ማታ ከልጆቼ ጋር ሐይቁ ዳር ስንናፈስ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ሻጩ ልጅ እንደተለመደው በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠን። ኦቾሎኒው አልቆ ጥቅልሉን ስዘረጋው የተሞላ ማመልከቻ ነው። የአንዲት ወጣት ሴት የመታወቂያ ኮፒ፣ ስልኳ፣ ቀበሌዋና የቤት ቁጥሯ፣ ከሥር ፊርማዋ። ጨውና የኦቾሎኒ ገለፈት ፊቷ ላይ ተጣብቋል። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ አቃጠልኩት። ያንን ቅጽ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ከየፎቶ ኮፒ ቤቱና ከየቢሮው ወረቀት በኪሎ እንደሚሸጥ ግን የማያውቅ የለም።

የፎቶ ኮፒ ቤት፦
«ከየፎቶ ኮፒ ቤቱ» የሚለውን አልቀበልም። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አጠገብ ሱቅ አለኝ፤ ከእኔ ቤት አንድም ቅጠል ወረቀት በኪሎ ወጥቶ አያውቅም። የተበላሸውን ቀዳድጄ አቃጥላለሁ። ደግሞም ተሞልቶና ተፈርሞ ያለቀ ማመልከቻ የሚቀመጠው በተቀባዩ ዘንድ ነው፤ እኛ ዘንድ ምን ያደርጋል? ሰው ሳታጣራ ስም አታጥፋ።

ይልቅ የሚያስፈራውን እኔ ልንገራችሁ። ተማሪዎች ዲፕሎማቸውን፣ መታወቂያቸውን፣ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል፤ አትሜ እሰጣቸዋለሁ፤ ፋይሉ ግን ኮምፒውተሬ ውስጥ ይቀራል። አምና አንድ ሰው ፍላሽ ይዞ መጣና «የተመራቂዎቹን ሁሉ ገልብጥልኝ፤ እከፍልሃለሁ» አለኝ። ከሱቄ አስወጣሁት። ከእኔ ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሲገባ ግን በመስታወቱ አይቼዋለሁ። እዚያ ምን ተባብለው እንደተለያዩ አላውቅም። ለዚህ ነው ሕጉን የምደግፈው፤ እምቢ ያልኩት እኔ ከከሰርኩና እሺ ያለው ካተረፈ፣ ነገ እምቢ የሚል አይኖርም።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
የኦቾሎኒውን ታሪክ የግድየለሽነት ታሪክ ነው የምለው። ማንም መረጃ አልሸጠም፤ ወረቀት ተጣለ፣ ልጁ አንሥቶ ጠቀለለበት። ይህንን ሕግ አያድነውም።

ከሽምብጥ፦
አልተጣለም፤ ተሸጠ! በኪሎ ተመዝኖ ተሸጠ። ያ ሻጭ ልጅ ወረቀቱን ከሱቅ የገዛው በብሩ ነው፤ ጠይቄዋለሁ። የዚያች ልጅ ስም ያወጣው ዋጋ የወረቀቱን ክብደት ያህል ብቻ ነው። ይህ ያላሳዘነህ ምን ሊያሳዝንህ ነው?

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
ያሳዝነኛል። ሴት ልጆች አሉኝ። ያሳዘነኝን ነገር ሁሉ ግን በእኔ ሱቅ ላይ መቀጫ ይሁን አትበሉኝ።

ሕግ አጥኚ፦
ሕጉ ምን እንደሚል ሳንነጋገር ብዙ ሄድን። ስለዚያች ልጅ ፎቶግራፍ ብቻ ብንናገር እንኳ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ይህ ሲጻፍ ሞባይል ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎ አስቀምጦታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ነው። ዋና ሐሳቡ ጋሼ መምህሩ ስለ ወፍጮ ቤቱ ያሉት ነው፦ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል። ባለመረጃው ምን እንደተያዘበት የማወቅ፣ ስሕተቱን የማሳረም፣ የማሰረዝና የመቃወም መብት አለው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ወንድሜ ነጋዴ፣ «የተወሰነውን ከሌላ ሰው ገዛሁ» ያልከውን ግን ደግመህ አንብበው። በገዛኸው ዝርዝር ውስጥ ያለው ሰው ለአንተ ምን ሰጠህ? መቼ አየህ? «ራሳቸው ሰጥተውን ነው» የሚለው ለደንበኞችህ ይሠራል ብንል እንኳ ለገዛኸው አይሠራም።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
ለሸጠልኝ ሰው ሰጥተዋል፤ እኔ ከእሱ ገዛሁ። ገበያ ወጥቼ በሬ ስገዛ ከየትኛው ላም እንደተወለደ እጠይቃለሁ?

የፋሲሎዋ፦
ከየትኛው ላም እንደተወለደ አትጠይቅም። ከማን ቤት እንደወጣ ግን ትጠይቃለህ፤ ሻጩን የማታውቀው ከሆነ ዋስ ጥራ ትለዋለህ። የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ባለቤቱ መጥቶ ገመዱን ይዞ እንደሚወስደው ታውቃለህና። የእህቴ ቁጥር ሲሸጥ ማን ዋስ ጠራ?

ደላላው፦
ክርክሩን ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። ከላይ ማንም አልተናገረውም እንጂ በየቦታው እነዚህን ድርጅቶች «የመረጃ ደላላ» ሲሏቸው እሰማለሁና ቅር ይለኛል። እኔ የቤትና የቦታ ደላላ ነኝ። ሻጭ ያውቀኛል፣ ገዢ ያውቀኛል፣ ፊት ለፊት አገናኛቸዋለሁ፣ ኮሚሽኔን ሁለቱም እያዩ እቀበላለሁ። ባለቤቱ ሳያውቅ ቤቱን የሸጠ ሰው ደላላ አይባልም፤ ወኅኒ ነው የሚወርደው። የእነዚህን ሥራ በእኛ ስም አትጥሩት።

ሕግ አጥኚ፦
ቅሬታህ ትክክል ነው፤ ቃሉ የመጣው ከውጭ ነው። በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በግድ እንዲመዘገቡ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቦ የተመዘገቡት ሁሉ መረጃውን እንዲሰርዙለት ደንግጋለች። የተፈለገው አንተ እንዳልከው ነው፦ ባለቤቱ ሻጩን ይወቀው።

ጡረተኛው መምህር፦
ስም ካስፈለጋቸው አማርኛ አያንስም። ባለቤቱ ሳያውቅ የሚሸጥ ሰው ስሙ ሌባ ነው።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
ጋሼ፣ ሌባ አሉኝ?

ጡረተኛው መምህር፦
አንተን አላልኩም። አንተ የገዛህ ነህ። ለሸጠው ነው ያልኩት። አንተ ግን ሸጠህ ከሆነ ራስህ ታውቀዋለህ።

ናይሮቢ ነበርኩ፦
ስድስት ዓመት ኬንያ ሠርቼ ነው የተመለስኩት። እነሱ ሕጉን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። እዚያም መጀመሪያ ላይ ነጋዴው ሁሉ ልንዘጋ ነው ብሎ ጮኾ ነበር። በስልክ ብድር የሚሰጡ መተግበሪያዎች ነበሩ፤ ተበዳሪው ቀን ሲያሳልፍ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ እየደወሉ «ጓደኛህ ዕዳ አልከፈለም» ይሏቸዋል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ በዚህ ምክንያት ለቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ሳይቀር ተደውሎባት በኀፍረት ሥራዋን ለቅቃለች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሩ መሥሪያ ቤት ሁለት እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎችን የሚያንቀሳቅስ አንድ ድርጅት ወደ 3 ሚሊዮን ሽልንግ የሚጠጋ ቀጣ። በዚያው ጊዜ የሕፃናትን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ የለጠፈ ትምህርት ቤት 4 ሚሊዮን ከ550 ሺህ፣ የአንድ ደንበኛውን ፎቶ በማኅበራዊ ገጹ ያወጣ መዝናኛ ቤት 1 ሚሊዮን ከ850 ሺህ ሽልንግ ተቀጡ። ነጋዴዎች አሁንም እየሠሩ ነው። ፎቶ ከማንሣታቸው በፊት ግን ይጠይቁሃል።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
ይህን ነው የምፈራው። መዝናኛ ቤቱ ስንት ሠራተኛ ነበረው? ሚሊዮን ሽልንግ ሲቀጣ ስንቱ ተበተነ? የእኛ አገር ተቆጣጣሪ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ነው ያለው። ትልቁን ድርጅት ፈርቶ ትንሹን ይይዛል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ሕግ አጥኚ፦
ይህ የምትለው ስለ አፈጻጸም ከሆነ ከአንተ ጋር ነኝ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ የቅጣቱን ጣሪያ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም የድርጅቱ የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ አድርገውታል። ቅጣቱ በድርጅቱ አቅም ይለካ ማለት ነው። ይህንን እንጠይቅ። «ትንሽ ስለሆንኩ አትንኩኝ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የፋሲሎዋን እህት የጎዳው ትልቅ ኩባንያ አይደለም፤ በክር የታሰረ እስክሪብቶ ያለው አንድ ክፍል ቢሮ ነው።

የዘጌ ልጅ፦
እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በጀልባ አመላልሳለሁ። ከመነሣታችን በፊት የተሳፋሪ ስምና ስልክ እንመዘግባለን። አንዲት የጀርመን እንግዳ ለመጻፍ እምቢ አለችኝ፤ «ለምን ትፈልጉታላችሁ? ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ሳስበው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለኝ፦ ጣና ማዕበል ሲነሣበት አያድርስና ጀልባ ቢገለበጥ ማን ማን እንደነበረ፣ ለማን እንደሚደወል እንዲታወቅ ነው። ይህን ስነግራት ወዲያው ጻፈች። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። የመዝገቡ አሮጌ ገጾች የት እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር። አሁን በየወሩ መጨረሻ ራሴ እቀዳድዳቸዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም።

ከሽምብጥ፦
ሁላችሁም ስለ ድርጅት ታወራላችሁ፤ እኔ ደግሞ ስለ መንግሥት ልጠይቅ። ለፋይዳ የዐሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌን፣ የፊት ምስል ሰጥቻለሁ። ሲም ካርድ ሳወጣ መታወቂያ ሰጥቻለሁ። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ብሔሬ ተጽፎ የኖረበት ዘመን ነበር። የአንድ ሱቅ ዝርዝር ቢወጣ ብዙ መልእክት ይመጣብኛል፤ የመንግሥት መዝገብ ቢወጣ ግን ምን እንደሚመጣብኝ አላውቅም። ነጋዴውን እየቀጡ መዝገብ ቤቱን ዝም ካሉ ሕጉ ግማሽ ነው።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
አሁን ገና እውነት ተናገርህ! በሌላው አንስማማም፣ በዚህ ግን ከአንተ ጋር ነኝ። ትልቁ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚያየው ግን የእኔን ደብተር ብቻ ነው።

ሕግ አጥኚ፦
አዋጁ የመንግሥት ተቋማትንም ይመለከታል። በብሔራዊ ደኅንነትና በመሳሰሉት ምክንያቶች የተከፈቱ በሮች አሉበት፤ እነዚያ በሮች ምን ያህል እንደሚሰፉ መከታተል የእኛ ሥራ ነው። ፋይዳም በራሱ አዋጅ፣ በ1284/2015፣ ነው የሚተዳደረው።

ከሽምብጥ፦
«መከታተል የእኛ ሥራ ነው» አልክ። በምን? እኔ አናጢ ነኝ። ቢሮ ሄጄ «በስሜ የያዛችሁትን አሳዩኝ» ብል ከበሩ ላይ ይመልሱኛል። ጥበቃው ይመልሰኛል፤ ኃላፊው ዘንድ እንኳ አልደርስም። አንተ ሕግ ተምረሃልና ቋንቋቸውን ታውቃለህ።

ሕግ አጥኚ፦
እንግዲያው አብረን እንሂድ። ከምሬ ነው። አመልካቹ አንተ፣ ጸሐፊው እኔ።

ነርሷ፦
ዝርዝር ስትሉ የስልክ ቁጥር ብቻ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ፤ እኔን የሚያመኝ ይህ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ነርስ ነኝ። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከሚኖሩበት ከተማ መውሰድ ፈርተው በየሁለትና በየሦስት ወሩ አውቶቡስ ተሳፍረው የሚመጡ ሰዎች አውቃለሁ። አንዲት እናት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ትመጣና ካርዷ ሲጠራ አትነሣም፤ ሌላው ሁሉ ገብቶ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ስሟ በሰው ፊት እንዳይሰማ ነው። ያ ካርድ ክፍል ውስጥ ያለው ስም አንድ ቀን በፍላሽ ቢወጣ፣ እሷ መድኃኒቷን ታቆማለች። ካቆመች ትሞታለች። የሰጠችን ልንረዳት ነው። እስቲ አሁን «የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው» የሚለውን ሰውዬ ለእሷ ፊት ለፊት ይንገራት።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
ነርሷ፣ ይህንን ማንም አልተከራከረም። የበሽተኛ ካርድና የሲሚንቶ ደንበኛ ስልክ አንድ አይደሉም።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ አንተ የገዛኸው ዝርዝር ከየት እንደወጣ ታውቃለህ? ከሱቅ ይሁን ከክሊኒክ ይሁን ከሥራ ማስታወቂያ ቢሮ ይሁን ሻጩ ነግሮሃል? እኔ ዘንድ ስልክና ስም ብቻ ከካርዱ ተለይቶ ቢወጣ የሲሚንቶ ደንበኛ ስልክ ነው የሚመስለው።

የፎቶ ኮፒ ቤት፦
ይህ ጥያቄ እስካሁን ከተጠየቀው ሁሉ ይከብዳል። ወንድሜ፣ መልስላት።

ጡረተኛው መምህር፦
እስኪመልስ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ፈቃድ ታወራላችሁ። ፈቃድ የሚጠየቀው በምን ቋንቋ ነው? ባለፈው ወር ልጄ አዲስ ስልክ ላከልኝ። አንድ መተግበሪያ ስጭን ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ብቻ በአማርኛ። የምስማማበት ሳይተረጎም መስማማቴ ተተረጎመ! እኔ ፊደል ቆጥሬ አስተምሬ ይህን ያህል ከተቸገርኩ የይልማና ዴንሳ ገበሬ ምን ያድርግ? በማያነበው ጽሑፍ ላይ አውራ ጣቱን ያሳረፈ ሰው ፈቀደ አይባልም።

ደላላው፦
በእኛ ሥራ እንኳ የቤት ሽያጭ ውል ለሁለቱም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ቆሞ ይነበብለታል። ይህ ለስልክ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
ነርሷ ለጠየቀችው እመልሳለሁ። አላውቅም። ሻጩ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዝርዝሩ ሁለት ሺህ ያህል ቁጥር ነበረው፤ ስም ያለውም የሌለውም አለ። ሱቄ ቆሞ ስለነበር ከየት መጣ ብዬ የማስብበት ልብ አልነበረኝም። ዘግቼ ብሆን አራት ሠራተኞች ነበሩ የሚበተኑት፤ ሁለቱ ልጆች ያሏቸው ናቸው። ይህን የማታውቁ ሰዎች አትፍረዱብኝ። አሁንም ግን ሕጉ ሱቅ ከመዝጋቱ በፊት መንገድ ያሳየን እላለሁ። ስንት ጊዜ ይሰጠን? ማን ያስተምረን? ቅጣት የመጀመሪያው ቃል አይሁን።

የፎቶ ኮፒ ቤት፦
በዚህ እስማማለሁ። እኔም ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለውን መቼ መሰረዝ እንዳለብኝ የነገረኝ የለም። ቶሎ ከሰረዝኩ ተማሪው ተመልሶ «ፋይሌን የት አደረስከው» ይለኛል። አንድ መስመር የጽሑፍ መመሪያ ቢሰጡን በሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከሽምብጥ፦
የወረቀቱስ ነገር? ኮምፒውተሩን ብታጸዱት ወረቀቱ በኪሎ መሸጡን ይቀጥላል።

የፎቶ ኮፒ ቤት፦
ከእኔ ቤት አልወጣም አልኩህ!

ከሽምብጥ፦
ከአንተ ቤት ወጣ አላልኩም፤ ወጣ ነው ያልኩት። ከአንድ ሰው ቤት ወጥቷል።

የፋሲሎዋ፦
እናንተ ሁለታችሁ ቆዩኝ። ወንድሜ ነጋዴ፣ ስለ ሠራተኞችህ ያልከው ገብቶኛል፤ እኔም ሱቅ ላይ ያደግሁ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የእህቴ ልጅ ቁጥር ቢኖርና ሰርዝልኝ ብልህ ትሰርዘዋለህ?

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
እሰርዘዋለሁ። ቁጥሩን በግል ላኪልኝ፤ ዛሬውኑ አያለሁ። እኔ ዘንድ ያለውን ነው የምሰርዘው ግን። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ያስተላለፍኩትን መመለስ አልችልም።

ነርሷ፦
ለሌላ ሰው?

ጡረተኛው መምህር፦
ለማን?

ግሽ ዓባይ ነጋዴ፦
ለባለቤቴ ወንድም። የቤት ዕቃ መሸጫ ሲከፍት ለመነሻ እንዲሆነው ብዬ ነው፤ አላስከፈልኩትም። እሱ ደግሞ ለማን እንደሰጠው አልጠየቅሁትም።

የፋሲሎዋ፦
ጠይቀው። ነገ ማታ እዚሁ እጠብቅሃለሁ።